ከጡረተኛው ጋር የሚሄደው ዕውቀት፤ የአደጋ ጊዜ አመራር ሙያ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች

በማናቸውም ነባር ትምህርት ቤት ውስጥ የዋናውን የውኃ መስመር መዝጊያ፣ የመጋዘኑን ሁለተኛ ቁልፍና የኤሌክትሪኩን ማቋረጫ ሥፍራ በልቡ የሚያውቅ አንድ የቆየ ሠራተኛ አይታጣም። ይህ ሰው ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ቧንቧ የፈነዳ እንደሆነ፣ ርእሰ መምህሩ እስከ ቤቱ ድረስ መልእክተኛ ለመላክ ይገደዳል። ችግሩ በትንሽ ትምህርት ቤት ሲደርስ ለወሬ ያህል የሚነሣ ነው። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች፣ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሕንፃዎች፣ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪዎችና የሕክምና ማዕከሎች ባሉበት ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ግን የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ይሆናል። በአሜሪካ ዩናይትድ ስቴትስ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይህን ዕውቀት ራሱን እንደ ቻለ ሙያ ይዞ የሚሠራ ሠራተኛ በስፋት መመደብ ከተጀመረ ከሃያ ዓመት ብዙም አይበልጥም። የሙያው ጀማሪ ትውልድ ግን ከወዲሁ ጡረታ በመውጣት ላይ ይገኛል። ይህ ትውልድ ምን ትቶ፣ ምንስ ይዞ እንደሚሄድ ለመረዳት ሙያው ከምን እንደ ተነሣ መመልከት ያስፈልጋል።

«አስቸኳይ ጊዜ» የሚለው አነጋገር በኢትዮጵያ አንባቢ ዘንድ በቅድሚያ የሚያስታውሰው የመንግሥት አዋጅን ነው። እዚህ ላይ የሚነገርለት «የአደጋ ጊዜ አመራር» ግን ከዚያ የተለየ ነው። አደጋ ከመድረሱ በፊት መዘጋጀትን፣ በደረሰ ጊዜ ልዩ ልዩ ክፍሎችን ማስተባበርን፣ ካለፈ በኋላም ተቋሙን መልሶ ማቋቋምን ያጠቃልላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሙያው የሩቅ ሥር የሚገኘው በሲቪል መከላከያ ሥራ ውስጥ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት አሜሪካውያን ይፈሩት የነበረው የኒውክሊየር ጦርነትን ነበር። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች ምድር ቤታቸው መጠለያ ተብሎ ተመዝግቦ፣ የውኃ በርሜልና ደረቅ ብስኩት ይከማችባቸው ነበር። ዛሬ የአደጋ ጊዜ ኃላፊዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ተብሎ የሚጠራው ድርጅትም በ1952 ሲመሠረት የሲቪል መከላከያ ሠራተኞች ምክር ቤት ነበረ። የተፈራው ጦርነት አልመጣም፤ በርሜሎቹም በየምድር ቤቱ ዝገው ቀሩ። ዩኒቨርሲቲዎቹን ያገኛቸው ሌላ አደጋ ነው።

ነሐሴ 1 ቀን 1966 በኦስቲን ከተማ በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ጠመንጃዎቹን ይዞ ወደ ዋናው ማማ ወጣና ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ በግቢው ውስጥ በሚተላለፉት ሰዎች ላይ ተኮሰ። ከአሥር በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሠላሳ የማያንሱም ቆሰሉ። በዚያን ሰዓት ዩኒቨርሲቲው በሕግ ሥልጣን የተሰጠው የፖሊስ ኃይል አልነበረውም። ተማሪዎችን የሚያስጠነቅቅበት መሣሪያም ሆነ ይህን የሚፈጽም የተመደበ ሰው አልነበረም። ከከተማው ፖሊሶች ጋር ማማውን ከወጡት መካከል አንዱ የዩኒቨርሲቲው መጻሕፍት መደብር ሠራተኛ ነበር። በተከታዩ ዓመት የስቴቱ ምክር ቤት ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ትምህርቱ ግን በፖሊስ ጉዳይ ብቻ ተወስኖ ቀረ፤ ስለ ማስጠንቀቂያና ስለ ማስተባበር የተነሣው ጥያቄ ለአርባ ዓመት ያህል አጥጋቢ መልስ ሳያገኝ ቆየ።

ከአራት ዓመት በኋላ ግንቦት 4 ቀን 1970 በኦሃዮ ስቴት በኬንት ዩኒቨርሲቲ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች የቬትናምን ጦርነት በሚቃወሙ ተማሪዎች ላይ ተኩሰው አራቱን ገደሉ፤ ዘጠኙን አቆሰሉ። ከተኩሱ በኋላ በቁጣ የተሰበሰበውን ብዙ ተማሪ እየለመነና እያለቀሰ ከሜዳው እንዲበተን ያደረገው ግሌን ፍራንክ የተባለ የሥነ ምድር መምህር ነበር። ይህ መምህር ለዚህ ሥራ ያልሠለጠነ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲው ለሳምንታት ሲዘጋም መምህራኑ የዓመቱን ትምህርት የፈጸሙት በደብዳቤ የቤት ሥራ እየላኩና ከግቢው ውጭ ተማሪዎቻቸውን እየሰበሰቡ ነው። ለመምህራን አንባቢዎች ይህ ልዩ ትርጉም ሳይኖረው አይቀርም፤ የአደጋ ጊዜ ኃላፊ የሚባል ባልነበረበት ዘመን የአደጋው ኃላፊ መምህሩ ነበር።

በመንግሥት ደረጃ ሥራው አንድ ባለቤት ያገኘው በ1979 ነው። በዚያ ዓመት በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትኖ የነበረው ተግባር ተሰብስቦ የፌዴራል የአደጋ ጊዜ አመራር ድርጅት፣ በአጭሩ ፌማ፣ ተቋቋመ። በ1983 የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ። በዚህ ረገድ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ሙያውን ለሌሎች ማስተማር የጀመሩት አብዛኞቹ በየራሳቸው ግቢ ውስጥ ሥራ ላይ ሳያውሉት ነው።

ይህን ያሳየው ተፈጥሮ ነው። ጥር 17 ቀን 1994 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ31 በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኖርዝሪጅን ግቢ ክፉኛ መታው። የመኪና ማቆሚያው ፎቅ ተደረመሰ፤ የሳይንስ ሕንፃዎች በእሳት ተያያዙ። ዕለቱ የበዓል ቀን፣ ሰዓቱም ከንጋት በፊት ስለ ነበረ ግቢው ባዶ ነበር። ያው መንቀጥቀጥ በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ የሚቆጠረው የፈረሰ ሕንፃ ብቻ ባልሆነም ነበር። ዩኒቨርሲቲው በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ጊዜያዊ ተጎታች ክፍሎችን አስመጥቶ ከአራት ሳምንት በኋላ ትምህርት ጀመረ። በሐምሌ 1997 በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድንገተኛ ጎርፍ የቤተ መጻሕፍቱን ምድር ቤት ሞልቶ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥራዞችን አበላሸ። በ2001 በሂዩስተን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ላይ የደረሰው ጎርፍ ደግሞ በየምድር ቤቱ የነበሩትን በሺህ የሚቆጠሩ የምርምር እንስሳት አሰጠመ፤ የብዙ ዓመት ጥናትም አብሮ ጠፋ። በሁለቱም ቦታ ዋጋ ያለው ነገር ከምድር በታች መቀመጡን ብዙ ሰዎች ያውቁ ነበር። ጎርፍ ቢመጣስ የሚለው ጥያቄ ግን በቂ መልስ አላገኘም ነበር።

በ2000 ፌማ አደጋን የሚቋቋሙ ዩኒቨርሲቲዎችን ለመፍጠር ፕሮግራም ሲያወጣ በርክሌይ የሚገኘውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሙከራነት መረጠ። ይህ ዩኒቨርሲቲ በአንድ የመሬት ስንጥቅ ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ ስንጥቁ በስታዲየሙ ሥር ያልፋል። ከበርክሌይ ጋር በፕሮግራሙ ከገቡት ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ በኒው ኦርሊንስ የሚገኘው ቱሌን ነበር።

ነሐሴ 27 ቀን 2005 ቅዳሜ በቱሌን አዲስ ተማሪዎች ዕቃቸውን ይዘው ወደ መኝታ ቤት የሚገቡበት ዕለት ነበር። ካትሪና የተባለው ከባድ የባሕር አውሎ ነፋስ እየተቃረበ በመሆኑ ፕሬዚዳንቱ ስኮት ካወን ወላጆችንና ተማሪዎችን ሰብስበው በዚያው ቀን ከተማውን ለቀው እንዲሄዱ ነገሯቸው። መሄጃ ያልነበራቸው ተማሪዎች በአውቶቡስ ተጭነው በሚሲሲፒ ወደሚገኘው ጃክሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተወሰዱ፤ ይህም አስቀድሞ በዕቅድ የተያዘ ነበር። እስከዚህ ድረስ ዕቅዱ ሠርቷል። ከሁለት ቀን በኋላ የከተማው መከላከያ ግድቦች ሲፈርሱ ግን ዕቅዱ ያላሰበው ነገር ደረሰ፤ ዩኒቨርሲቲው ለጥቂት ቀናት ሳይሆን ለአንድ ሙሉ ሴሚስተር ተዘጋ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለፕላን ባለሙያ እጅግ የሚጠቅመው ስለ ማዕበሉ የሚነገረው ሳይሆን ስለ ፔሮሉ የሚነገረው ነው። የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ሂዩስተን ላይ ጊዜያዊ ቢሮ ሲከፍት የሠራተኞቹ የደመወዝ መዝገብ ውኃ በከበባት ከተማ ውስጥ በኮምፒዩተር ቴፖች ላይ ቀርቶ ነበር። በየስቴቱ የተበተኑት መምህራንና ሠራተኞች ደግሞ ቤታቸውን ያጡ፣ ደመወዛቸውን የሚጠብቁ ነበሩ። ስለዚህ ጥቂት ሠራተኞች በታጠቁ ሰዎች ታጅበው ወደ ከተማዪቱ ተመልሰው ቴፖቹን አወጡ። የትኛው ቴፕ በየትኛው ክፍል እንዳለ የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ አጀቡ ምንም ባልጠቀመ ነበር። ቱሌን ጥር 17 ቀን 2006 እንደገና ተከፈተ፤ ነገር ግን ከሁለት መቶ በላይ መምህራንን አሰናብቶ፣ አብዛኞቹን የምህንድስና ትምህርት ክፍሎች ዘግቶ ነው። በዚያችው ከተማ የሚገኘውና በታሪኩ የጥቁር አሜሪካውያን ተቋም የሆነው ዲላርድ ዩኒቨርሲቲ ግቢው በውኃ ስለ ተበላሸ የ2006ን መጀመሪያ ትምህርት የሰጠው በአንድ ሆቴል ውስጥ ነበር።

ካትሪና ስለ መልሶ ማቋቋም ያስተማረውን ያህል፣ የቨርጂኒያ ቴክ እልቂት ስለ ማስጠንቀቂያ አስተማረ። ሚያዝያ 16 ቀን 2007 ከጧቱ 1 ሰዓት ከ15 ገደማ ሁለት ተማሪዎች በመኝታ ቤት ውስጥ ተገደሉ። ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ የመጀመሪያው የኢሜይል መልእክት የወጣው በ3 ሰዓት ከ26 ነው። ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ያው ገዳይ ኖሪስ በተባለው የመማሪያ ሕንፃ ውስጥ 30 ሰዎችን ገደለ። ከሟቾቹ አንዱ የ76 ዓመቱ ፕሮፌሰር ሊቪዩ ሊብሬስኩ ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸው በመስኮት እስኪወጡ ድረስ በሩን ገፍተው ይዘው ነው የሞቱት። የስቴቱ ገዥ ያቋቋሙት መርማሪ ጓድ በዚያው ዓመት ባቀረበው ሪፖርት እንደ ገለጸው፣ የግቢው ፖሊስ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ ለመጠየቅ ይችል ነበር፤ ራሱ ለመላክ የሚያስችል መሣሪያ ግን በእጁ አልነበረም። መልእክቱ በከፍተኛ ኃላፊዎች ጉባኤ ታይቶ፣ ቃላቱ ተመርጠው፣ ተፈቅዶ መውጣት ነበረበት። በመሥሪያ ቤት ልማድ ከተመለከቱት ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። ጽሑፍ ሳይፈረም አይወጣም፤ ፈራሚውም ስብሰባ ላይ ነው።

በነሐሴ 2008 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ማናቸውም የፌዴራል የተማሪዎች ድጋፍ ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በግቢው ከባድ አደጋ መኖሩ እንደ ተረጋገጠ ወዲያውኑ እንዲያስታውቅ፣ አሠራሩንም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲፈትን ደነገገ። ይህ ድንጋጌ የተጨመረው ግቢዎች የወንጀል መረጃቸውን እንዲገልጹ በ1990 በወጣው ሕግ ላይ ነው። የ1990ው ሕግ ምክንያት ደግሞ በ1986 በሊሀይ ዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍሏ ውስጥ የተገደለችው ጂን ክለሪ የተባለች ተማሪ ናት፤ ሕጉም በኋላ በስሟ ተሰይሟል። ከ2008 ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው የአደጋ ጊዜ ኃላፊ መመደብ የተለመደ ሆነ። በዚያው ዓመት የካቲት 5 ቀን በቴኔሲ ስቴት ዩኒየን ዩኒቨርሲቲ ላይ የወረደው አዙሪት ነፋስ አብዛኞቹን መኝታ ቤቶች ሲያፈራርስ አንድም ተማሪ አልሞተም፤ ማስጠንቀቂያው ደርሷቸው ወደ ምድር ወለል ወርደው ስለ ነበር። ትምህርትም ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ቀጠለ። ነገር ግን የሞተ ሰው የሌለበት አደጋ ሕግ አያስወጣም፤ ስሙም ብዙ አይነሣም።

በአዲሶቹ መደቦች ላይ የተቀመጡት እነማን ነበሩ? በብዛት ከእሳት አደጋ መከላከያ፣ ከፖሊስ፣ ከጦር ሠራዊትና ከላቦራቶሪ ደኅንነት ክፍል የመጡ ሰዎች ናቸው። የእሳት አደጋና የፖሊስ ሠራተኞች ከሌላው ሠራተኛ ቀደም ብለው የጡረታ መብት ስለሚያገኙ፣ ለብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲው ሥራ ሁለተኛ ሙያ ነበር። አርባና አምሳ ዓመት ሞልቷቸው የጀመሩትን ሥራ ከአሥራ አምስትና ከሃያ ዓመት በኋላ ሲለቁ ሁለተኛ ጊዜ ጡረታ መውጣታቸው ነው። በብዙ ግቢዎች ክፍሉ ያለው አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ በመሆኑ፣ የሰውዬው መሄድ የክፍሉ መሄድ ያህል ይሆናል።

ከመምህራን ጡረታ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የአሜሪካ ፕሮፌሰሮች የጡረታ ጉዳይ ከ1905 ጀምሮ፣ አንድሩ ካርኔጊ ለመምህራን ጡረታ የሚሆን ገንዘብ ከሰጡበት ጊዜ አንሥቶ፣ የታሰበበት ነው። ቋሚ ሹመት ያላቸው ፕሮፌሰሮች በ70 ዓመታቸው በግድ ጡረታ እንዲወጡ ይፈቅድ የነበረው ሕግም ከ1994 ጀምሮ ቀርቷል። ፕሮፌሰሩ ጡረታ ሲወጣ የክብር ማዕረግ ይሰጠዋል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ይከፈትለታል፤ ዕውቀቱ በጻፋቸው መጻሕፍትና ባስተማራቸው ተማሪዎች አማካይነት ይቀጥላል። የአደጋ ጊዜ ኃላፊው ግን በመጨረሻው ቀን የሚያስረክበው መታወቂያውን፣ ቁልፎቹንና ሌሊት ከአጠገቡ ተለይቶ የማያውቀውን ስልክ ነው። ሥራው የተሳካ እንደ ሆነ ደግሞ ሊያሳየው የሚችለው ነገር የለም፤ ያልደረሰ ጉዳት በፎቶግራፍ አይነሣም።

የጽሑፍ ዕቅድ አለ ይባል ይሆናል። በእርግጥም የትምህርት ሚኒስቴሩ መሥሪያ ቤት በ2009፣ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር በመተባበርም በ2013 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የዕቅድ አዘገጃጀት መመሪያዎችን አውጥቷል። ዛሬ ዕቅድ የሌለው ዩኒቨርሲቲ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በዕቅዱ ላይ የማይጻፈው ግን ብዙ ነው። የከተማው የእሳት አደጋ አዛዥ እኩለ ሌሊት ላይ ስልኩን የሚያነሣው የዩኒቨርሲቲውን ስም አይቶ ሳይሆን የደዋዩን ድምፅ ለይቶ ነው። የትኛው ጄኔሬተር በወረቀት ላይ ብቻ እንደሚሠራ፣ የትኛው ዲን ሕንፃ ለቅቆ ለመውጣት እንደሚያመነታ፣ ከጎረቤት ኮሌጅ ጋር የተፈረመው የመረዳጃ ውል ከማን ጋር በተደረገ የቃል ስምምነት እንደሚደገፍ በየትኛውም ቅጽ ላይ አይገኝም። እነዚህን ነገሮች ጡረተኛው የሚያውቃቸው አደጋዎችን ስላሳለፈ ብቻ አይደለም፤ አደጋ በሌለበት ጊዜ በየቢሮው እየዞረ ቡና ስለ ጠጣም ነው።

ሆኖም የአንጋፋውን ትዝታ ሁሉ እንደ ወርቅ መቁጠርም ስሕተት ነው። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በ1993 የደረሰው ጎርፍ በዚያ የነበሩት ሠራተኞች ሁሉ የሚያስታውሱት መለኪያ ሆኖ ነበር። በሰኔ 2008 የአዮዋ ወንዝ ከ1993ቱ ከፍታ በ90 ሳንቲ ሜትር ያህል በልጦ መጣ። መምህራን፣ ተማሪዎችና የከተማው ነዋሪዎች ተሰልፈው መጻሕፍቱን ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት በእጅ እየተቀባበሉ ወደ ላይ አወጡ፤ ከሃያ የማያንሱ ሕንፃዎች ግን በውኃ ተመቱ። ሐንቸር የተባለው የሙዚቃና የቴአትር አዳራሽ ፈርሶ አዲሱ የተከፈተው በ2016 ነው። በጎርፉ ጊዜ አሸዋ በጆንያ ያስሞሉ ኃላፊ በዚያ ወቅት የጡረታቸው ጊዜ ተቃርቦ ከነበረ፣ የአዳራሹን ምርቃት ያዩት በተጋባዥነት ነው ማለት ነው። የመልሶ ማቋቋም ሥራ ከአንድ ሰው የአገልግሎት ዘመን ሊረዝም እንደሚችል ከዚህ መገንዘብ ይቻላል፤ ከመንግሥት የሚጠየቀው የካሳ ሰነድም የጀመረው ሰው በሌለበት የሚዘጋ ይሆናል።

በዚህም ምክንያት ርክክቡን በደንብ የሚያደርጉ ግቢዎች ተተኪውን የሚቀጥሩት አንጋፋው ከመሄዱ በፊት ነው፤ ሁለቱ ቢያንስ አንድ የልምምድ ወቅት አብረው ያሳልፋሉ። ከዚያም የተሻለው ዘዴ አንጋፋው በልምምዱ ቀን ሆን ብሎ እንዳይገኝ ማድረግ ነው። እሱ በሌለበት የተቋረጠው ነገር ምን እንደ ሆነ በማስታወሻ ይያዛል፤ የቀሩት ወራትም ያንን ለመሙላት ይውላሉ። ይህ ለበጀት ክፍል ለማስረዳት ቀላል አይደለም። ለአንድ መደብ ሁለት ደመወዝ ለግማሽ ዓመት መክፈልን ስለሚጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ መደቡ ሰው ከለቀቀው በኋላ ነው ማስታወቂያ የሚወጣበት። በመካከሉ ባሉት ወራት የተረኛው ስልክ ከፖሊስ አዛዡ ወደ ሕንፃ ጥገና ኃላፊው፣ ከእሱም ወደ ሌላ ሰው ሲዘዋወር ይከርማል።

የኮቪድ ወረርሽኝ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈተነው። መጋቢት 6 ቀን 2020 በሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ወደ ኢንተርኔት እንደሚያዛውር ሲያስታውቅ ከታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ነበር፤ ሌሎቹም በቀናት ውስጥ ተከተሉት። አደጋ ማለት ለሰዓታት ወይም ለሳምንታት የሚቆይ ነገር ነው ብለው ለሠለጠኑ ሰዎች ከአንድ ዓመት በላይ የዘለቀ አደጋ አዲስ ነበር። መኝታ ቤት ወደ ለይቶ ማቆያ ተለወጠ፤ የምርመራ ጣቢያ፣ በኋላም የክትባት ጣቢያ ተቋቋመ። በ2005 እና በ2008 መካከል ሥራ የጀመሩት ሰዎች ይህን ሲፈጽሙ ብዙዎቹ ወደ ጡረታ ዕድሜ ተቃርበው ነበር። ዛሬ ቦታቸውን የሚይዙት ወጣቶች ሙያውን በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የተማሩ ናቸው። ንድፈ ሐሳቡን ከቀዳሚዎቻቸው በተሻለ ያውቁታል፤ የእሳት አደጋ አዛዡን ግን ገና አልተዋወቁትም።

ተቋማት ለማስታወስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድባቸው የኦስቲን ግቢ ራሱ ያሳያል። በ1966 ለሞቱት ሰዎች ስማቸው የተቀረጸበት የድንጋይ መታሰቢያ በግቢው የቆመው በሃምሳኛው ዓመት፣ ነሐሴ 1 ቀን 2016 ነው። በዚያ ዕለት የማማው ሰዓት ተኩሱ በተጀመረበት ሰዓት፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ48 ላይ፣ ለሃያ አራት ሰዓት እንዲቆም ተደረገ። በዚያው ዕለት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ሽጉጥ ደብቀው ወደ ስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች እንዲገቡ የሚፈቅደው የቴክሳስ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በ1966 በግቢው ተቀጥረው ይሠሩ ከነበሩት ውስጥ በዚያን ቀን በሥራ ላይ የነበረ ሰው ቢገኝ እንኳ ጥቂት ነው።